የ12 ቮልት ቻርጀር ለላፕቶፕ ባትሪ ይሆናል?

ጥያቄው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው የመጣው። ጠያቂው መምህር ናቸው። ላፕቶፓቸው ሶኬት ላይ ሲሰካ ይሠራል፤ ባትሪው ግን ከሰኔ ጀምሮ አይሞላም። «ተሰክቷል፣ ቻርጅ አያደርግም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያቸዋል። ባትሪው ከሥር ተነቅሎ የሚወጣ ዓይነት ነው። ጀርባው ላይ 10.8 ቮልት፣ 4400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ጎረቤታቸው የሶላር ባትሪውን የሚሞላበት የ12 ቮልት ቻርጀር አለው። «10.8ና 12 ያው ነው፤ አውጥተን በሁለት ሽቦ እናያይዘው» ብሏቸዋል።

መምህር፣ እንኳን ቀድመው ጠየቁ። አያያይዙት።

እዚያ ባትሪ ውስጥ ስድስት ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች፣ አሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ጥንዶቹ ደግሞ በተከታታይ ተያይዘዋል። አንድ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው፤ ጎን ለጎን የታሰረው ጥንድም ያው 3.6 ነው፤ ሦስቱ ጥንድ ሲደመሩ 10.8 ይሆናል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ይኼ አማካይ ነው እንጂ የሚሞላበት ቮልት አይደለም። አንድ ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሦስት ጊዜ 4.2፣ 12.6። ጣሪያው ይኼ ነው።

የጎረቤትዎ ቻርጀር ስሙ ነው 12። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ለመሙላት የተሠራ ስለሆነ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይገፋል። ለሦስት ያካፍሉት፤ ለአንድ ሴል 4.8 ይደርሰዋል። የላፕቶፕዎ ባትሪ ደግሞ ሊትየም ነው፤ ሊትየም ይኼን አይችልም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቤት ውስጥ ሆኖ ማየት አያስፈልግም።

«ታዲያ የላፕቶፑን የራሱን ቻርጀር በቀጥታ ባገናኘውስ?» የሚሉኝም አሉ። ያ ደግሞ ባሰ። ቻርጀር እያልን ለመድነው እንጂ ያቺ ጥቁር ሳጥን ቻርጀር አይደለችም። 19 ቮልት ሰጥታ ዝም ነው። ቮልቱን የሚቀንሰው፣ አምፔሩን የሚመጥነው፣ ሲሞላ የሚዘጋው ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለው ክፍል ነው። እውነተኛው ቻርጀር እሱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ላፕቶፕ። ባትሪውን ከመንካትዎ በፊት የቻርጀሩን ጫፍ ይዩልኝ። መሃሉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነች ፒን አለች? ካለች ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው። ፒኗ ከተጣመመች ወይም ገመዱ ውስጥ የእሷ ሽቦ ከተቆረጠ፣ ላፕቶፑ «ይኼን ቻርጀር አላውቀውም» ብሎ ራሱ ይሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ልክ የእርስዎ ዓይነት ምልክት! ባትሪው ሞቷል ተብለው ወደ እኔ ከመጡ ሰዎች ስንቱን በሌላ ሰው ቻርጀር ሰክቼ ሸኝቻለሁ። ስለዚህ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ካለው የሥራ ባልደረባ ቻርጀሩን ለአምስት ደቂቃ ይዋሱ። እግረ መንገድዎን ባትሪዎን እሱ ላፕቶፕ ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከሞላ ባትሪዎ ደህና ነው፤ በተዋሱት ቻርጀርም የእርስዎ ላፕቶፕ ካልሞላው ጣጣው ያለው ማዘርቦርዱ ጋ ነው።

ይኼ ሁሉ ተሞክሮ ባትሪውን ከውጭ መሙላት የግድ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ቮልቱም አምፔሩም ለየብቻ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ወይም «ሊትየም» ብለው የሚመርጡለት ቻርጀር ነው። ሱቄ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ነው። ባትሪው ሳይነካ በፊት ቮልቱን 12.6 ላይ አቆመዋለሁ። ለአሮጌ ባትሪ እንዲያውም 12.3 ይበቃኛል፤ ትንሽ ጎደል ይላል፣ ግን ዕድሜው ይረዝማል። አምፔሩን ከ1 አላሳልፍም። በዚህ የእርስዎ ባትሪ ባዶ ከሆነ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይፍጅ።

አሞላሉ ጀሪካን በቧንቧ እንደ መሙላት ነው። መጀመሪያ ውሃው ባንድ ልክ ይወርዳል። አፉ ጋ ሲደርስ ቧንቧውን ቀነስ፣ ቀነስ ያደርጉታል። እዚህም መጀመሪያ 1 አምፔር ይገባል፤ ቮልቱ 12.6 ሲነካ ቮልቱ ባለበት ቆሞ አምፔሩ እየወረደ ይሄዳል። 0.2 አካባቢ ሲደርስ ነቅዬ አወጣለሁ። «ይቆይ፣ ይጠግባል» ብሎ ማሳደር ለሊትየም አይሠራም።

ሽቦው የሚገናኘው የባትሪው የራሱ ፒኖች ላይ ነው። በግምት አይሆንም። ብዙ ጊዜ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ዳርና ዳር ናቸው፤ መሃል ያሉት ቀጫጭኖቹ ከላፕቶፑ ጋር ማውሪያ ናቸው። ግን «ብዙ ጊዜ» ማለት «ሁልጊዜ» አይደለም። በቴስተር፣ በቮልት መለኪያው፣ ይለኩ። ዜሮ ካሳየዎት ደግሞ አይደንግጡ፤ አንዳንዱ ባትሪ ላፕቶፕ ውስጥ መሆኑን ካላወቀ በሩን አይከፍትም። እንደዚያ ከሆነ ባለሙያ ይየው እንጂ ፕላስቲኩን በቢላዋ ፈልቅቀው ሴሎቹ ላይ በቀጥታ እንዳይበይዱ።

ይኼን የምለው ስላደረግሁት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ባትሪ አልሞላ ሲለኝ ከፈትሁት። ውስጥ ያለችውን የመጠበቂያ ሰርኪውት ዘልዬ፣ ካውያዬን አግዬ ሽቦውን ሴሎቹ ላይ በየድኩ። ፓወር ሰፕላዩ 12.4 ያሳያል። ሰላም ነው ብዬ ቡና ልጠጣ ተነሳሁ። ሲኒውን ሳላስቀምጥ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ነገር ሸተተኝ። ሄጄ ሴሎቹን በጣቴ ነካ ነካ አደረግኋቸው። ሁለቱ ጥንድ ያቃጥላሉ፤ ሦስተኛው ቀዝቃዛ ነው። ነቅዬ ለካሁ፦ 4.35፣ 4.35፣ 3.7። ደምሩት፤ 12.4 ነው። ድምሩ ልክ፣ ውስጡ ግን ሁለቱ ከጣሪያ በላይ፣ አንዱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ። በአካፋ ተሸክሜ ግቢው ድንጋይ ላይ አወጣሁት። ደግነቱ አልነደደም። ያቺ የዘለልኋት ሰርኪውት ሥራዋ ይኼ ነበር፤ የእያንዳንዱን ጥንድ ቮልት ለየብቻ ታያለች፣ አንዱ ሲያልፍ ትቆርጣለች። አልሞላም ያለችውም አውቃ ነበር።

የእርስዎ ባትሪ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ሳይሞላ ቆይቷል። ቴስተሩ ቅድም ካልሁት ዜሮ ሌላ ከ7.5 ቮልት በታች ካሳየ፣ ማለትም በሴል ከ2.5 በታች፣ ይተዉት። ሊትየም ያን ያህል ወርዶ ሲከርም ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። ኋላ ሲሞላ መዳቡ ሌላ ቦታ ሄዶ ይለጠፍና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። «በ19 ቮልት ነካ ነካ አድርገህ አንቃው» የሚል ምክር ከሰሙ ወዲያ በሉልኝ። ካበጠም፣ ትንሽም ቢሆን፣ ነገሩ አልቋል።

አሁን ስለ ብርዱ ላንሳ። የመሐል ሜዳን ጠዋት ለእርስዎ አልነግርዎትም። እዚህ ደብረ ብርሃንም በታኅሣሥ ውጭ ያደረ ባልዲ አፉ በረዶ ለብሶ ይነጋል። ሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ላፕቶፑ ውስጥ ሲሆን የባትሪው ሙቀት መለኪያ ይከለክላል። ከውጭ በፓወር ሰፕላይ ስንሞላው ግን የሚጠይቅ የለም። በዚያ ብርድ የሚገባው ሊትየም በቦታው ገብቶ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ላይ ላዩን ብረት ሆኖ ይለጠፋል። አይጮህ፣ አይሸት። ዛሬ የሞላ ይመስላል፤ ጉዳቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውርጭ ያደረበትን ባትሪ ቤት አስገብተው ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት። ከሰል አጠገብ አይደለም! ጠረጴዛ ላይ፣ ዝም ብሎ። እጅዎ ላይ ቅዝቃዜው ሲጠፋ ይሙሉት። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ደግሞ የሚፈራው ተቃራኒውን ነው፤ ከ45 ዲግሪ በላይ መሙላት አይቻልም። ፀሐይ ላይ የዋለ ባትሪ ይቀዝቅዝ።

ሲሞሉ አልጋ ላይ፣ ጆንያ ላይ፣ ድርቆሽ አጠገብ አይሁን። እኔ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ገልብጬ እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ምጣዱን የት አገባህ ብላ ትጠይቃለች እንጂ ነገሩ ይሠራል፤ አይነድም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መብራት ከሄደ ሽቦውን ይንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አይስኩ፣ ትንሽ ይረጋጋ። ትቶ ወደ ገበያ መሄድ የለም። በየግማሽ ሰዓቱ ይንኩት፤ ለብ ካለ ደህና፣ ሞቀ ካሉ ይንቀሉ። ጭስ ካዩ ከሶኬት ነቅለው ሰዉን ያውጡ። ጭሱ መርዝ ነው፣ አይተንፍሱት።

ከሁሉ በፊት ግን ያቺን የቻርጀር ፒን ይዩ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ከሆነ ባትሪውን ከነላፕቶፑ ይዘውልኝ ይምጡ። ባትሪውን ለብቻው ከያዙት ፒኖቹን በናስትሮ ይሸፍኑ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ያን ሁሉ መንገድ በጣርማበር በኩል ከሰው ጋር ተሳፍረው ነው የሚመጡት።