የሞቀው የሃይድሮስ በርሜል

ከደብረ ብርሃን ከተማ ዳር የክር ማቅለሚያ ያላቸው አንባቢ የላኩልን ችግር በአጭሩ ይህ ነው። ባለ 50 ኪሎ የሃይድሮስ (ሰማያዊው ቀለም በውሃ እንዲሟሟ የሚያደርገው ዱቄት፣ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት) በርሜል ከተከፈተ ሳምንታት አልፈዋል፤ ዱቄቱ ጓጉሏል፤ ክዳኑ ሲነሣ ጉሮሮ የሚከረክር የድኝ ጢስ ሽታ ይወጣል፤ ለሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ይበቃ ከነበረው በላይ ዱቄት ይጠይቃል፤ በቅርቡ ደግሞ አንድ ማለዳ የበርሜሉ ጎን ለብ ብሎ ተገኝቷል። ሻጩ «ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ጓሉን ወቅጣችሁ ተጠቀሙበት» ብሏቸዋል።

አያስጡት፤ አይውቀጡትም። ዱቄቱን ፀሐይ ላይ ማስጣት የጀመረውን ሙቀት ማገዝ ነው፤ መውቀጥ ደግሞ በውስጥ የታመቀውን ጋዝ ፊትዎ ላይ መክፈት ነው። ከሁሉ በፊት በርሜሉን ከውጭ በእጅዎ ጀርባ ይፈትሹት። ለብ ያለ ብቻ ከሆነና ጢስ ከሌለው፣ ሁለት ሰዎች ጭምብልና ጓንት አድርገው ከቤት ያውጡት፤ ከሕንፃና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ጥላና ደረቅ በሆነ ቦታ ለብቻው ያስቀምጡት። ጋዙ መውጫ እንዲኖረው ክዳኑ ተደፍቶ ይቀመጥ እንጂ በቀለበት ማሰሪያው አይጠርቀም። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ጢስ ከታየ ግን ማንም አይንካው፤ ሠራተኛው ሁሉ ነፋሱ ወደሚነሣበት ወገን ይውጣ፤ የእሳት አደጋ ሰዎችም በርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በስሙ ይነገራቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ትንሽ ውሃ አያስነኩት።

ከምልክቶቹ ተነሥቼ ስፈርድ፣ ዱቄቱ ከፋብሪካው ተበላሽቶ የመጣ አይመስለኝም። እርጥበት ገብቶበታል፤ የገባውም በየማለዳው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በቆርቆሮ መጋዘን ያደረ በርሜል ማለዳ ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎት ወደሞላው ማቅለሚያ ክፍል ገብቶ ወዲያው ሲከፈት በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በብረቱ ግድግዳና በዱቄቱ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሠራተኛ የላላውን የክዳን ቀለበት በላስቲክና በሲባጎ አስሮ እንደተወው ጽፈዋል። ሲባጎ ክዳን አይዘጋም። የክዳኑ ጎማም ከነቃ ወይም ከጠፋ ብረቱ ብቻውን እርጥበት አያግድም። ተጠግነውና ቀለም ተቀብተው የሚሸጡት ስስ በርሜሎች አብዛኞቹ ይህ ጎማ የላቸውም፤ ሃይድሮስን ምን እንደነበረበት በማይታወቅ የማዳበሪያ ከረጢት ገልብጦ በኪሎ መቸርቸር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ በምንም ዋጋ አይግዙ።

አሁን ትንሽ ውሃ ለምን እንደሚያስፈራኝ ማስረዳት አለብኝ፤ ይህን የተረዳ ሠራተኛ ሌላውን ሕግ ሁሉ ሳይነገረው ይጠብቀዋልና። ሃይድሮስ እርጥበት ሲነካው መፍረስ ይጀምራል፤ ሲፈርስም ሙቀት ይሰጣል። ከመፍረሱ የሚወጡት ነገሮች አሲድነት ስላላቸው የቀረውን ዱቄት ያፋጥኑታል፤ ሙቀቱም በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ዱቄት ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በበርሜሉ መሃል የተፈጠረው ሙቀት መሄጃ አጥቶ ይከማቻል። ብቅል አብቅሎ የሚያውቅ ሰው፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ ሁኔታውን ያውቀዋል፤ የረጠበው ገብስ ታፍኖ ሲያድር መሃሉ ይሞቃል፣ በስሱ ሲበተን ግን ሙቀቱ ይጠፋል። ልዩነቱ ሃይድሮስ በዚያ የማያበቃ መሆኑ ነው። ሙቀቱ 90 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ደረቁ ዱቄት ራሱ ያለ ውሃ መፍረሱን ይቀጥላል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ በመጨረሻም ይነዳል። ለመንደድ ከውጭ አየር ስለማያስፈልገው በአሸዋ ማፈን፣ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ባለ ዱቄት ወይም ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ መርጨት አያቆመውም። የሚያቆመው እጅግ ብዙ ውሃ ነው፤ ብዙ ውሃ ዱቄቱን ያሟሟዋል፣ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። አንድ ባልዲ ውሃ ግን ሙቀቱን ለመውሰድ አይበቃም፤ መፍረሱን ለመቀስቀስ ግን ይተርፋል። እንግዲህ በጎርፍ ደረጃ የሚያፈስ የውሃ መስመርና ቱቦ ከሌለዎት እሳቱን ለማጥፋት አይሞክሩ፤ ሰው ያስወጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 1995 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሎዲ ከተማ፣ ሃይድሮስና የአሉሚኒየም ዱቄት ይቀላቀሉበት በነበረ ማሽን ውስጥ ውሃ ገብቶ በደረሰው ፍንዳታ 5 ሠራተኞች ሞተዋል።

ለሚቀጥለው በርሜል መጋዘንዎን ማስተካከል ይኖርብዎታል። ከጣሪያው ይጀምሩ፤ በብርድ ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚቋጠረው ጠብታ ማለዳ ሲሞቅ በርሜሉ ላይ ይወርዳልና ኮርኒስ ያስፈልጋል። በርሜሉ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አይቁም፤ የፕላስቲክ ፓሌት ከእንጨቱ ይሻላል፣ የፈሰሰ ዱቄት እርጥበት አግኝቶ ቢግል እንጨት ያቀጣጥላልና። የእንፋሎትና የውሃ ቧንቧ በክፍሉ ውስጥ አይለፍ። አሴቲክና ፎርሚክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የክሎሪን ዱቄት በሌላ ክፍል ይሁኑ፤ አሲድ ከሃይድሮስ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ጋዝ ያስወጣል፣ ፐርኦክሳይድና ክሎሪን ደግሞ እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። ኮስቲክ ሶዳም ከአየር እርጥበት እየሳበ ወደ ውሃነት ስለሚለወጥ፣ ከሃይድሮስ በላይ ባለ መደርደሪያ አይቀመጥ።

ሚዛኑን ከማቅለሚያው ክፍል ያውጡት፤ ከምመክርዎ ሁሉ በጣም የምገፋበት ይህንን ነው። ዱቄቱ በደረቁ መጋዘን ተመዝኖ፣ ለአንድ ፈረቃ የሚበቃው ብቻ በደረቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ቀለሙ ይሂድ። በርሜሉን ከቀዝቃዛ ቦታ ማምጣት ግድ ከሆነ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ እንደታሸገ ይቆይ። መጭለፊያው ደረቅና የሃይድሮስ ብቻ ይሁን፤ የተረፈ ዱቄት ተመልሶ በርሜል አይግባ። የውስጡን ላስቲክ ጠቅልለው ካሰሩ በኋላ ክዳኑን ከነጎማው በቀለበቱ ያጥብቁ። የፈሰሰውን በደረቅ መጥረጊያ ያንሡ፤ እርጥብ ጨርቅና ሰጋቱራ ፈጽሞ አይንካው። ወደ ገንዳው ሲጨምሩም ዱቄቱን ወደ ብዙ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይጨምሩ። ደግሜ እላለሁ፣ ትንሽ ውሃ አያስነኩት።

በየሱቁ የሚሸጠው የጨርቅ ጭምብል አቧራውን ጥቂት ቢይዝም ጋዙን አያግድም። የሚያስፈልገው በአውሮፓ ምልክት «ኢ» የሚል ፊደልና ቢጫ ቀለም ያለበት፣ የአቧራ ማጣሪያም የተጨመረበት፣ በጭምብል ላይ የሚገጠም ካርትሪጅ ነው፤ ከእርሱ ጋር ጥብቅ የሆነ መነጽርና የጎማ ጓንት። አስም ያለበት ሰው በዚህ ሥራ አይመደብ። ጋዙ ከአየር በእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በመሆኑም ከላይ ያለው መስኮት ብቻውን አይበቃም፣ ከግድግዳው ግርጌም የአየር መውጫ ያስከፍቱ።

ውጭ የቆመው በርሜል ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘና ሽታው ከቀነሰ በኋላ፣ ዱቄቱን በደረቅ መጭለፊያ በጥቂት በጥቂቱ፣ ኮስቲክ ሶዳ ወደተጨመረበት ትልቅ ገንዳ ውሃ ያስገቡት፤ ኮስቲኩ ጋዝ እንዳይወጣ ይይዛል። የሟሟውን በሬሳ ወደተባለው ወንዝ አይልቀቁት፤ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚበላ ዓሣውንና ከታች የሚጠጣውን ከብት ይጎዳል። በማጣሪያ ገንዳ አየር እየተነፋበት ይቆይ፤ የፒኤች (የአሲድነት) መጠኑም ተስተካክሎ ይውጣ። ከዚያ በኋላ አዲሱን ዱቄት በቢጫው መፈተኛ ወረቀት ይሞክሩት፤ በቀለሙ ገንዳ ውስጥ በቂ ሃይድሮስ ካለ ወረቀቱ ወዲያው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በተለመደው መጠን ሳይለወጥ ከቀረ ዱቄቱን አይጨምሩ፤ ክዳኑንና ጎማውን መልሰው ይመርምሩ።