ጭሱ ሌሊት ልጄን ያስለዋል ላልሽው

እሳቱ የሚነደው ጮቄ ተራራ ላይ፣ እናንተ ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ጭሱ አስም ያለበትን ልጅሽን ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ከሆነ፣ ዛሬውኑ አንድ ክፍል ለይለት። ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ የራቀ፣ መስኮቱም ትንሽ የሆነ ይሁን። የመስኮቱን ክፍተት በፕላስተር፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኚው። እዚያ ክፍል ዕጣን አይጨስ፣ በደረቁም አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪው።

ሌሊት የሚብሰው በምክንያት ነው። ቀን መሬቱ ሲሞቅ ጭሱን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ማታ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ቁልቁል ሲወርድ ጭሱም አብሮ ይተኛል። ስለዚህ መስኮት የሚከፈተው ሰማዩ ሲጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው እንጂ እንደ ልማዳችን ማለዳ አይደለም።

እርጥብ ነጠላ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም። ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ያለውን ደቃቅ ብናኝ ጨርቅ አያስቀረውም። ኤን95 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ይረዳል፣ ግን ለልጅ ፊት ስለሚሰፋ ከቤት አለማውጣቱ ይሻላል። የሚሳበው መድኃኒት ራስጌው ይሁን። ወስዶ ካልተሻለው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

አደራ የምልሽ፦ ቤቱን ደፍነሽ ከሰል እንዳታስገቢ። እኔ ባለፈው በጋ ጭሱን ሸሽቼ ሁሉን ዘግቼ ቡና አፈላሁ፤ እናቴ ራሴን እያለች ወደቀች። ወደ ውጭ ስናወጣት ነው የነቃችው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ምድጃው ደጅ ይቀመጥ፣ ቡናውም እዚያው ይፈላ።