የምወደው ደራሲ ሰለቸኝ

ጥያቄ፦ በትንንሽ ከተሞች ፍቅር ላይ የሚጽፍ የምወደው ደራሲ ነበር። አዲሱን መጽሐፉን ግን ከግማሽ በላይ መግፋት አቃተኝ። ምን ይሻለኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በዚህ ዘርፍ ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሩብ ይቀራረባሉ፤ ሦስት አራተኛው ላይ ተጣልተው መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ጠቡን ገና ሳይመጣ ያውቁታል። ከተማዋም ጌጥ ብቻ ትሆናለች፦ ገበያው አለ፣ ሐሜተኛዋ ጎረቤት አለች፣ ሥራ የሚውል ሰው ግን የለም!

መጀመሪያ የወደዱለትን መጽሐፍ ደግመው ያንብቡ። አሁንም ከያዘዎት የደከመው ደራሲው ነው፤ ካልያዘዎት ዘርፉን ለጥቂት ወራት ያሳርፉት፣ አጫጭር ልቦለዶችም ይሞክሩ። ቀጣዩን ከመግዛትዎ በፊት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ካገኙት 30 ገጽ ይቅመሱ። ጥንዶቹን የሚያራርቀው ነገር በአምስት ደቂቃ ወሬ የሚፈታ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ።