ምንም ያልተዘራበት ፕሌት ለምን ኮሎኒ አወጣ? ከሐረር ለተጠየቀው

እህቴ፣ ያነሳሽው ሁለት ጉዳይ ነው። በትምህርት ላብራቶሪያችሁ አውቶክሌቩን (በግፊት እንፋሎት የሚያመክነውን ማሽን) 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ለ15 ደቂቃ አቆይታችሁ ያወጣችሁት ኑትሪየንት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የሚረጋ ምግብ) ምንም ሳይዘራበት በማግስቱ ሁሉም ፕሌት (ባለ ክዳን ሳህን) ላይ አንድ ዓይነት ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) አወጣ። ደግሞም ሰኞ ለሚጀምሩት አዲስ ተማሪዎች ከጋውንና ከጓንት ሌላ ምን እንንገራቸው ብለሻል። ከፕሌቱ ልጀምር፣ ሌላው ከሱ ተያይዞ ይመጣል።

ፕሌቶቹን ከመጣልሽ በፊት ብርሃን ላይ አንስተሽ እያቸው። ኮሎኒው አጋሩ ውስጥ ጠልቆ ከገባና ከአንድ ጠርሙስ የተቀዱት ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ጥፋቱ ያለው ማምከኑ ላይ ነው። ገጹ ላይ ብቻ ከሆነና አንዱ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ምንም ከሌለ፣ ወይም ፀጉራም ሻጋታ ካየሽ ደግሞ ሲቀዳ ከአየር ወይም ከእጅ የገባ ነው። አንቺ "ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት" ስላልሽ ነገሩ ወደ አውቶክሌቩ ያመራል።

ጌጁ (የማሽኑ ግፊት መለኪያ) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ነው። 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት በ3 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው 118 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ቅርጽ) የመግደል አቅሙ በግማሽ ይወርዳል፤ 15 ደቂቃችሁ የሠራው የ7 ደቂቃ ተኩል ሥራ ነው ማለት ነው። አቦ፣ ጣጣው የማኑዋሉን ቁጥር ዝም ብሎ መገልበጥ ነው። ሐረር ላይ ጌጁን 18፣ እኛ ጋ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ደግሞ 17 አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት አንብቡ። 18 የማይችል ከሆነ በ15 ላይ ሰዓቱን ወደ 30 ደቂቃ አሳድጉት እንጂ ሴፍቲ ቫልቩን አትነካኩ። በሙቀት መለኪያ የሚሠራ ዲጂታል አውቶክሌቭ ካላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት አየሩን ሳያስወጡ ቫልቩን መዝጋት ነው። እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይውጣ፣ ከዚያ ዝጉ። ውስጥ የቀረ አየር ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ሙቀቱን ግን ከፍ አያደርገውም። ሰዓት የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል፤ "10 ደቂቃ ሠርቶ ነበር" ብሎ አምስት መጨመር አይሠራም። የአውቶክሌቭ ቴፕ ጠቆረ ብላችሁም አትተማመኑ፤ እቃው ሙቀት እንዳገኘ እንጂ ስፖሩ እንደሞተ አይነግራችሁም።

ለ500 ሚሊ ሊትር ብዙውን ጊዜ 14 ግራም ኑትሪየንት አጋር ይበቃል (የጣሳውን ጽሑፍ ግን እዩ)። ጠርሙሱን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት፣ ክዳኑንም ላላ አድርጉት። ሲያልቅ ጌጁ ዜሮ እስኪል መጠበቅ ነው። ቫልቭ ከፍቶ ግፊቱን በፍጥነት ማውረድ ሚዲያውን (አጋሩን) ገንፍሎ እንዲፈስ፣ የሚከፍተውንም ሰው እንዲያቃጥል ያደርጋል።

ሚዲያው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲሆን ይቀዳ፤ በባዶ እጅ ጠርሙሱን ሳትጣደፊ መያዝ የምትችይበት ደረጃ ነው። ትኩስ ከሆነ ክዳኑ ላይ እንፋሎት ያጠራቅማል፣ ጠብታው ወርዶ ኮሎኒውን ያደባልቃል። ከዘገየሽ ደግሞ ይረጋና ይጓጉላል። ለ90 ሚሊ ሜትር ፕሌት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ማራገቢያው ይጥፋ! ድሬ ላይ ግንቦት ውስጥ ይህን ማለት ጭካኔ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሆኖም ማራገቢያ አቧራውን ፕሌቱ ላይ ያዘንባል፣ ነበልባሉንም ያስተኛዋል። ሲረጋ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ስምና ቀን የሚጻፈው በታችኛው ሳህን ጀርባ ላይ ነው፣ ክዳን ይቀያየራል።

አሁን ወደ ሉፑ፣ ባክቴሪያ ወደምንዘራበት ባለ ቀለበት ሽቦ። እሳት ውስጥ የሚገባው ከጫፉ አይደለም። ካልቸር (ያሳደግነውን ባክቴሪያ) የነካ ጫፍ በቀጥታ እሳት ሲያገኝ ቸስ ብሎ ይረጫል፣ ያልሞቱ ባክቴሪያዎችም በዚያ ጠብታ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ከመያዣው አጠገብ ጀምሪና ሽቦው ሁሉ ፍም እስኪመስል ቀስ እያልሽ ወደ ጫፉ ውሰጂው። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ዝም ብለሽ ያዢው፤ እፍ አትበይበት፣ አታወዛውዢው። ባክቴሪያ የሌለበትን የአጋር ዳር ስትነኪ ቸስ ካለ አልበረደም። ስትሪክ (ባክቴሪያውን በሉፕ አጋሩ ላይ በመስመር መዝራት) ሲደረግም ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ሉፑ ይቃጠላል፤ ይህን የዘለለ ተማሪ ነጠላ ኮሎኒ ሳይሆን ድፍን ምንጣፍ ነው የሚያገኘው።

ለተማሪዎቹ በጥብቅ የሚነገረው ስለ እሳት ነው። የአልኮል መብራት በቀን ብርሃን ነበልባሉ እምብዛም አይታይም። ሲነድ ወይም ገና ትኩስ እያለ አልኮል አይጨመርበትም፣ እፍ ተብሎ አይጠፋም፣ ክዳኑ ይደፋበታል። እጅና ጠረጴዛ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ሳይደርቅ ክብሪት አይጫርም። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርግ ልጅ ጫፉን ጋውኑ ውስጥ ታስገባ፣ ጋውኑም ሆነ ሻሹ ጥጥ ቢሆን ይሻላል፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለጠረጴዛ የሚሆነው 70 በመቶ ነው፦ 73 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ አልኮል ላይ ውሃ ጨምሮ 100 መሙላት። ንጹሑ አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ውሃ ከሌለበትም የባክቴሪያውን ፕሮቲን በደንብ አያበላሽም።

ስለ አፍ ደግሞ፦ ፒፔት በአፍ አይሳብም፣ እስክሪብቶ አይነከስም፣ ማስቲካ የለም። እኛ ሀገር ደግሞ ጫት አለ። ኪስ ውስጥ የገባ ቅጠል ጋውን የነካውን ሁሉ ይዞ ወደ ጉንጭ ይሄዳል። ከላብራቶሪ በኋላ ለመቃም የሚቸኩል ሰው በመጀመሪያ ጋውኑን ያውልቅ፣ ከዚያ እጁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠብ። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ቧንቧ ያለው ጀሪካን በር አጠገብ ካልተቀመጠ ክፍሉ ባይከፈት ይሻላል።

ካልቸር ከፈሰሰ መጥረጊያ ይዞ መሮጥ የለም። በሶፍት ሸፍኑት፣ በረኪና ከዳር ወደ መሃል አፍስሱበት፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ባለ 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። ስባሪ ብርጭቆ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነሳም። በረኪና የነካውን ቆሻሻ ደግሞ አውቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡ፣ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ስለ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም መለያ ዘዴ) ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ። ለሰኞው ግን ዛሬውኑ አጋሩን በ18 አብስላችሁ ቅዱት፤ ከያንዳንዱ ጠርሙስ ሁለት ፕሌት ባዶውን 37 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት አቆዩ። ንጹሕ ከወጡ የቀሩትን ለተማሪዎቹ ስጧቸው።