ጥያቄና መልስ፦ ሕጉ ያልጠየቀው ወረቀት

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ «ፅንስ ማቋረጥ በሕግ ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለውን ክርክር ካነሳሁ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከተለመደው በላይ በዝተዋል። ገሚሶቹ ይመርቁኛል፣ ገሚሶቹ ስለ ነፍሴ ይጸልዩልኛል፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ስድብ ብቻ የያዙትን ወደ ጎን ትቼ፣ የቀሩትን አሳጥሬና የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ አቀርባለሁ። አንዱን ግን ከተራው አስቀድሜዋለሁ።

ታናሽ እኅቷ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝታ ከዋጠች በኋላ ደም አልቆም እንዳላት፣ ነገር ግን ሐኪም ቤት ብትሄድ ፖሊስ ይጠራብናል ብለው ቤት እንደተቀመጡ የጻፈች እኅት አለች።

ለእርስዋ ደብዳቤው በደረሰኝ ዕለት በስልክ መልሻለሁ። እዚህ የምደግመው በተመሳሳይ ፍርሃት ቤት ለተቀመጡት ነው። ፅንስ ከተቋረጠ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት መጠነኛ ደም መታየቱ የሚጠበቅ ነው። በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለተከታታይ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ወይም ራስ መሳት ካለ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ይኬድ። ፅንሱ በራሱ ወረደም ተወረደም፣ በሕጋዊ መንገድ ሆነም አልሆነም፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና ሕይወት አድን ሕክምና ነው፤ መታከምን የሚከለክል ሕግ በአገራችን የለም። ምን እንደዋጠች ለሐኪሙ በእውነት ትንገረው። እኔ ደብዳቤ የምመልስ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ እንጂ እዚያ ሆኜ የደም ግፊቷን የምለካ አይደለሁም፤ ስለዚህ «ሲስተር፣ ትንሽ ብንጠብቅስ?» የሚለው ሁለተኛ ደብዳቤ እንዳይመጣልኝ አደራ እላለሁ።

«ውርጃ» እና «ፅንስ ማቋረጥ» አንድ ናቸው ወይ?

ውርጃ በራሱ የሚከሰተውንም ይጨምራል፤ ፅንስ ማቋረጥ ግን ታስቦ የሚደረገው ብቻ ነው።

አንዲት የአዲስ አበባ እናት የጎረቤታቸው የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ወንድም ተደፍራ መፀነሷን፣ ወደ አንድ ጤና ተቋም ይዘዋት ቢሄዱ «የፖሊስ ማስረጃ አምጡ» ተብለው መመለሳቸውንና እንዲሁ ሲመላለሱ ሦስት ሳምንት ማለፉን ጽፈዋል። «ሕጉ ይህን ይጠይቃል?» ይላሉ።

አይጠይቅም። ስለ መፈቀድና መከልከል ስንከራከር፣ ተጽፎ የተቀመጠውን ሕግ የሚያውቀው ሰው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የእኚህ እናት ደብዳቤ ስለሚያሳይ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር፤ ለዚያውም የአንድ ሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና የሁለተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ስፔሻሊስት በጣት በሚቆጠሩ ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር ይህ ለገጠር ሴት ምን ማለት እንደነበር ማንም ይገምተዋል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ መነሻውን አልለወጠም፤ በአንቀጽ 545 መሠረት ፅንስ ማቋረጥ ዛሬም ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 551 የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። እነዚህም ፅንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተደረገ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፣ እንዲሁም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ናቸው።

የእኚህን እናት ጥያቄ የሚመልሰው ቀጣዩ አንቀጽ 552 ነው። ፅንሱ በመደፈር ወይም በዘመድ የመጣ ሲሆን ለማስረጃነት የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ ደንግጓል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ አጽንቶ፣ አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ፣ ዕድሜዋን በተመለከተም በካርዷ ላይ የተመዘገበው ቃሏ እንዲበቃ፣ የነገረችው ኋላ ትክክል ሆኖ ባይገኝ ባለሙያው እንዳይጠየቅ አድርጓል። እንግዲህ ያ «የፖሊስ ማስረጃ» የተጠየቀው በሕግ ሳይሆን በልማድና በፍርሃት ነው።

«ሴቲቱ ልትዋሽስ ትችል የለም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል የማከብራቸው ሰዎች አሉበት። አዎን፣ ልትዋሽ ትችላለች። ሕግ አውጪው ይህን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለኝም። የመድፈር ክስ ምርመራ ወራት፣ ፍርዱም ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ እርግዝና ግን ዘጠኝ ወር ነው። ፍርድ ጠብቂ ማለት ውለጂ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት ዋሽታ የምታልፍበትንና አንዲት እውነቷን ተናግራ የምትመለስበትን ስሕተት መዝኖ ቀላሉን መረጠ። ምርጫው ትክክል አይደለም የሚል ሰው አንቀጹ እንዲለወጥ በግልጽ ይከራከር፤ መብቱ ነው። ካርድ ክፍል ተቀምጦ በራሱ ሥልጣን መለወጥ ግን የማንም መብት አይደለም።

እናቴ፣ አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ልጅቱን ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይውሰዷት፤ አንቀጽ 552ን በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉዎት የክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ። ሳምንታት በገፉ ቁጥር ሕክምናው ስለሚከብድ ጉዳዩ ለሰኞ ማክሰኞ የሚባል አይደለም። ደፋሪውን መክሰስ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሕክምናው ክሱን፣ ክሱም ሕክምናውን መጠበቅ የለበትም። ለክሱ የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እባክዎን ብቻዎን አይጋፈጡት። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ከደረሰች ኤችአይቪንም እርግዝናንም የሚከላከል መድኃኒት ታገኛለችና ሰዓቱ አይባክን።

«ያለ እኔ ፈቃድ ሚስቴ ይህን ማድረግ ትችላለች ወይ?» ብለው የጠየቁ ባል አሉ፤ ደብዳቤያቸው አራት ገጽ ነው።

ሕጉ የባልን ፈቃድ አይጠይቅም። በአራቱ ገጽ ውስጥ ሚስትዎ ምን እንደሚሉ የሚገልጽ አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

አንዲት የአራት ልጆች እናት ባሏ ሥራ ከፈታ አንድ ዓመት እንደሆነው፣ አሁን አምስተኛ መፀነሷን ጽፋ «ድህነት በሕጉ ምክንያት ይሆናል?» ትላለች።

በቀጥታ አይሆንም። በአንቀጽ 551 ዝርዝር ውስጥ ድህነት የለም። የሚገኘው በአንቀጽ 550 ነው፤ ፅንሱ የተቋረጠው በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ያዛል። ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ግር ይለኛል፤ ሕጉ ችግርሽን አይቻለሁ ይላታል፣ የሚያየው ግን ተከሳ ከቆመች በኋላ ነው። ፅንስ ማቋረጥን አጥብቀው የሚቃወሙ ወገኖች ይህችን እናት ዛሬ የሚደግፍ አንድ ተጨባጭ ነገር ቢያዘጋጁ ክርክራቸውን ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጥ ያጠናክረው ነበር። እኅቴ፣ እርግዝናው በጤናሽ ላይ የሚያደርሰው ነገር መኖር አለመኖሩን የምትገምቺው አንቺም እኔም አይደለንም፤ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የቀደሙት ወሊዶችሽ ሁኔታ ሁሉ ይመረመራልና ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። የምትወስኚው ምንም ይሁን ምን፣ በኋላ ስለ እርግዝና መከላከያ ሳትነጋገሪ አትመለሺ።

«ሕጉ ከላላ ወዲህ ፅንስ ማቋረጥ ጨምሯል፤ ይህን ቁጥር ለምን ትደብቂያለሽ?» የሚል ጠንካራ ደብዳቤ ከአንድ መምህር ደርሶኛል።

አልደብቅም፤ እንዲያውም ቁጥሩን ከእነምንጩ ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል። በአገራችን የተደረጉት ሁለት ታላላቅ ጥናቶች እንደገመቱት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 382,500 ፅንሶች ተቋርጠዋል፤ በ2014 ግምቱ 620,300 ደረሰ። ጭማሪው በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 1,000 ሴቶች በዓመት 22 የነበረው 28 ሆኗል። እነዚህ ግምቶች እንጂ ቆጠራዎች አይደሉም፤ ቢሆንም እርስዎ ያሉት አቅጣጫ ይታያል፤ እቀበላለሁ።

የተዉት ቁጥር ግን አለ። በዚያው ጊዜ በጤና ተቋም የተቋረጡት ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድገዋል። በስድስት ዓመት ልዩነት ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ሆኖም በ2014 እንኳ ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። ለእኔ ትልቁ ነውር ይህ ነው፤ የሕጉን መኖር የማያውቁና አውቀውም በወረቀት የተመለሱ ሴቶች በዚያ ግማሽ ውስጥ አሉ። በወጣትነቴ በሠራሁበት ክፍል፣ ሽቦና የማይታወቅ መርዝ ተጠቅመው ማህፀናቸው ተበስቶና ደማቸው ተመርዞ የሚመጡ ልጃገረዶች አልጋ ሞልቶባቸው መሬት ይተኙ ነበር። ኋላ ኋላ እንዲህ ያሉት እየቀነሱ መምጣታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል፤ ይህን ሁሉ ለአንድ የሕግ አንቀጽ ብሰጥ ግን እዋሻለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶችና የእርግዝና መከላከያ መስፋፋትም ድርሻ አላቸው።

መከልከል ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩማንያን ያስታውሱ። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ፅንስ ማቋረጥን በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ሲወስን የወሊድ ቁጥር በማግሥቱ ዓመት ዘለለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ድብቁን መንገድ ስላገኙት ተመልሶ ወረደ፤ የእናቶች ሞት ግን በአውሮፓ ከፍተኛው ሆነ። በ1989 መጨረሻ አዋጁ ሲሻር የእናቶች ሞት በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

መምህር፣ ይህ ሁሉ የእርስዎን ዋና ጥያቄ እንደማይመልስ አውቃለሁ። ፅንስ ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ሰው ነው ብለው ካመኑ የእናቶች ሞት መቀነስ ሚዛኑን አያስተካክልልዎትም፤ በእምነትዎም አልሳለቅም። የምለው ኃጢአት የሆነ ሁሉ በእስራት ሊቀጣ እንደማይችል፣ የእስራት ሕግም በሚያመጣው ውጤት መመዘን እንዳለበት ነው። ቁጥሩ እንዲቀንስ ሁለታችንም ከፈለግን ደግሞ የሚያስማማን መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ገና 36 በመቶ ነበሩ።

አንድ የሕግ ተማሪ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 «ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው» ስለሚል ፅንስ በዚህ ይካተታል ወይ ብሏል።

የቤት ሥራህ እንደሆነ ከጥያቄው አጻጻፍ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ጥያቄው ደግ ስለሆነ ፍንጭ ልስጥህ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1 ሰው ከተወለደበት እስከሞተበት የመብት ባለቤት ነው ይላል፤ በቁጥር 2 ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ፣ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ በሕጋችን ፅንስ ምንም አይደለም ማለትም፣ ከተወለደ ሰው ጋር እኩል ነው ማለትም አይቻልም። ስለ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9ን ጨምረህ አንብብና የቀረውን ራስህ ጻፈው። አስተማሪህንም ጠይቅ።

ዳላስ የምትኖር እኅት፣ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ስለተለወጠ የአገራችንም ተለውጦ እንደሆነ፣ እርስዋም ራሷ ልትታሰር ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች።

የአገራችን ሕግ በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይለወጥም። በየስልኩ የሚዘዋወረው ክርክር የሁለቱን አገር ጉዳይ እያደባለቀው ስለሆነ ግን ጥያቄሽ አያስቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1973 የሰጠውን አገር አቀፍ መብት ጁን 24 ቀን 2022 ሽሮ ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ መለሰው። ስለዚህ አንቺ በምትኖሪበት በቴክሳስ ከሕይወት አደጋና ከከባድ የአካል ጉዳት ስጋት በቀር ተከልክሏል፤ መደፈር እንኳ ምክንያት አይሆንም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግን ሕዝቡ በ2024 መብቱን በሕገ መንግሥቱ አጽንቷል። የቴክሳሱ ክልከላ የሚቀጣው አቋራጩን እንጂ እርጉዟን አይደለም። ይህን መነሻ አድርጊው እንጂ አትመኪበት፤ ሕጎቹ በየጊዜው ስለሚለዋወጡና በሌሎች ሕጎች በኩል የሚመጣ ክስም ስላለ፣ ምንም ከማድረግሽ በፊት እዚያው የሚሠራ ጠበቃ የግድ አነጋግሪ። ይህን ለወጉ ያህል የተናገርኩት አይደለም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከአንድ ወጣት አዋላጅ ነርስ ነው። ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት ይህን አገልግሎት መስጠት እንደማይፈልግ፣ ነገር ግን የመጡትን ሴቶች ምን ብሎ እንደሚመልሳቸው እንደጨነቀው ጽፏል።

ልጄ፣ ጭንቀትህ የደግ ሰው ጭንቀት ነው። በሥራ ዘመኔ አብረውኝ ከሠሩት መካከል እንዳንተ ያሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከማውቃቸው ባለሙያዎች ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ እጅህን መሰብሰብ ትችላለህ፤ በሩን መዝጋት ግን አትችልም። አቋምህን ለኃላፊህ አስቀድመህ በግልጽ ተናገር፤ ሴቲቱ ፊት ቆመህ አይደለም። ደም እየፈሰሳት ለመጣችው ግን ሕሊናህም ሃይማኖትህም ከአልጋዋ አጠገብ እንድትቆም ነው የሚያዝህ። ለሌላዋ አትስበክላት፤ ወረቀት አምጪ አትበላት፤ ነገ ነይ አትበላት። የትኛው ክፍል እንደምትገባና ዛሬ ተረኛው ማን እንደሆነ ንገራትና እስከ በሩ ድረስ አድርሳት።