ሄዶ የሚመለስ ቅርጽ

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ስልኩ ላይ የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የጆን ኮንዌይን «የሕይወት ጨዋታ» አሳየኝ። አንዳንዱ ቅርጽ ሲለዋወጥ ቆይቶ መልሶ ራሱን ይሆናል። በፈለግሁት የእርምጃ ብዛት የሚመለስ ቅርጽ ይኖራል?
(ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አዎ ልጄ፣ ይኖራል። ጨዋታው በሰፊው የታወቀው በ1970 ነው፤ ይህ የተረጋገጠው ግን ገና በ2023። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጪና ካሬ ደብተርና አንድ እፍኝ ሽምብራ አምጪ። ፒያሳ ለማስጠናቸው ልጆች የማሳየው እንዲህ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ሦስት ሽምብራ በተርታ አጋድመሽ ደርድሪ። እያንዳንዱ ቤት በዙሪያው 8 ጎረቤት አለው። ሽምብራው 2 ወይም 3 ባለሽምብራ ጎረቤት ካለው ይቆያል፤ ካነሰ ወይም ከበዛ ይነሳል። ባዶ ቤት ልክ 3 ካገኘ ሽምብራ ይገባበታል። አሁን ቁጠሪ። ዳርና ዳር ያሉት አንድ አንድ ጎረቤት ብቻ ስላላቸው ይነሳሉ። የመሃሉ 2 አለው፤ ይቆያል። ከመሃሉ በላይና በታች ያሉት ባዶ ቤቶች ሦስቱንም ስለሚነኩ ይሞላሉ። የተጋደመው ቆመ! ደግመሽ ብትቆጥሪ ይጋደማል። ብሊንከር የሚባለው ቅርጽ ይህ ነው፤ ዙሩ፣ ማለትም መልሶ ራሱን እስኪሆን የሚወስድበት እርምጃ፣ 2 ነው። አደራ፣ ሁሉንም ቆጥረሽ ሳትጨርሺ አንድም ሽምብራ አታንሺ። ለውጡ ለሁሉም እኩል ነው የሚደርሰው።

ፐልሳር የሚባለው በ3 ይመለሳል። «ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው 6 አይሆንም?» ትይኝ ይሆናል። ይሆናል፣ ግን አይቆጠርም። ቢያንስ አንድ ቤት ራሱ በ6 እርምጃ የሚደጋገም መሆን አለበት። ከባዱ ነገር እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ረጃጅሞቹ ዙሮች ይቀላሉ። ግላይደር የሚባለው ተንሸራታች ቅርጽ አቅጣጫውን በሚያጥፉ ሌሎች ቅርጾች ላይ እየነጠረ ይዞራል፤ መንገዱ ሲረዝም ዙሩም ይረዝማል። በ2013 ግላይደርን 90 ዲግሪ የሚያጥፍ «ስናርክ» የተባለ ቅርጽ ሲገኝ፣ ከ43 ጀምሮ ያለው ሁሉ መልስ አገኘ። ከዚያ በታች ያሉት ግን አንድ በአንድ መፈለግ ነበረባቸው። መጨረሻ ላይ የቀሩት 19 እና 41 ነበሩ። ኮንዌይ በ2020 በኮቪድ ስላረፈ የእነሱን መገኘት አላየም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን ይህን ሞክሪ፦ ሦስት በተርታ፣ ከሥራቸው ሌላ ሦስት፣ የታችኞቹን አንድ ቤት ወደ ጎን ገፋ አድርገሽ። ዙሩ ስንት እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።