መልስ፦ የነፍስ ወከፍ ገቢን በዛሬ ምንዛሬ ማካፈል ለምን ያሳስታል?

ወንድሜ፣ የእኛን የኢትዮጵያን ነፍስ ወከፍ ገቢ በዛሬው የባንክ ምንዛሬ ወደ ዶላር ቀይረህ ከኬንያ ጋር ስታወዳድር ከዓለም ባንክ ቁጥር ጋር ለምን እንዳልገጠመልህ ጠይቀሃል። ዋናው ችግር ምንዛሬው ነው።

የአንድ ሰው ዓመታዊ ገቢ 120,000 ብር ነው እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 2,105 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በ120 ብር ሲመነዘር 1,000 ብቻ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ የጎንደር ሰው ኑሮ በዚያው ልክ በግማሽ አልወረደም። የዓለም ባንክ «አትላስ» በተባለው ስሌቱ የሦስት ዓመት ምንዛሬን በዋጋ ንረት ልዩነት አስተካክሎ አማካዩን የሚወስደው እንዲህ ያለውን መዋዠቅ ለማለዘብ ነው።

የኑሮ ደረጃን ለማወዳደር ከሆነ ግን አትላስም አይበቃም፤ በመግዛት አቅም የተስተካከለውን፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዛ ታይቶ የተሰላውን ውሰድ። ፒያሳ ፀጉር መቆረጥ ወይም አዘዞ ቤት መከራየት ከኒውዮርክ እጅግ ይረክሳል፣ የባንክ ምንዛሬ ደግሞ ይህን አያይም። በዚህ ስሌት ቁጥራችን ከፍ ይላል። ነዳጅና መድኃኒት የምንገዛው ግን በተራው ዶላር መሆኑን አትርሳ።

ሁለቱንም አገሮች ከአንድ ሠንጠረዥ፣ በአንድ ስሌት ውሰድ። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ የኬንያ ስሌት ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆች። ዘመድ ከውጭ የሚልከው ገንዘብ በጥቅል ብሔራዊ ገቢ (ለሕዝብ ቁጥር ተካፍሎ ነፍስ ወከፍ ገቢን በሚሰጠው የአገር ገቢ) ውስጥ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አካፋዩ የሕዝብ ቁጥርም ግምት ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።